ባለቤቴ አራተኛ ጠመንጃ ሊገዛ ነው፤ እውነት ያስፈልገዋል?

የኦሮራዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አደን ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ትልቅ የብረት ሣጥን ገብቷል፤ ውስጡ .22፣ .243 እና .30-06 የሚባሉ፣ በጥይታቸው ዓይነት የሚጠሩ ሦስት ጠመንጃዎች ተደርድረዋል። አሁን ደግሞ .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ካልገዛሁ ብሎ ሙግት ይዟል። አባቴ ጎጃም ውስጥ አንድ ምንሽር ብቻ ነበረው፤ ሚዳቋውንም ጅቡንም ሌባውንም በዚያችው ነበር የሚያስተናግደው። ባለቤቴ ግን “የእያንዳንዱ ሥራ ለየቅል ነው” ይለኛል። እውነቱን ነው ወይስ እያሞኘኝ ነው? ሥጋውን እንደሆነ አልጠላሁትም፤ የኤልክ (የትልቁ የአሜሪካ አጋዘን) ጥብስ ይመሰገናል። የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ነው።

ተራራ ወጪ
እህቴ፣ በሦስቱ እውነቱን ነው። ወደ አራተኛው በኋላ እመጣለሁ።

የ.22 አረር ክብደቱ 2.6 ግራም ገደማ ነው። ጥንቸል ብትመቺበት ሥጋው ለወጥ ይተርፋል፤ ያንኑ በ.30-06 ብታደርጊው የምትለቅሚው ጸጉር ነው። በ.22 ኤልክ መተኮስ ደግሞ ነውር ነው። 300 ኪሎ የሚደርስ እንስሳ ቆስሎ ጫካ ይገባና ለማንም ሳይሆን ይሞታል። ሕጉም አይፈቅድም። ኮሎራዶ ውስጥ ለትልልቅ እንስሳት የሚያዝ ጠመንጃ የአፈሙዙ ቀዳዳ ከ6 ሚሊሜትር መጥበብ የለበትም፤ አረሩም ለአጋዘን ቢያንስ 4.5 ግራም፣ ለኤልክ ቢያንስ 5.5 ግራም መመዘን አለበት።

.243 ያንን መስፈርት ለጥቂት ያልፋል። እኔ የምወደው ስለማይራገጥ ነው። ዒላማ ቦታ ላይ አዲስ ተኳሽ ሲመጣ፣ ሳያውቅ ከእውነተኛዎቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት እናጎርስለታለን። ምላጩን ሲስብ የሚጮህ ነገር የለም፤ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ይደፋል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ትከሻው ወደ ኋላ ይሸሻል። ጉልበታም ጠመንጃ የለመደበት ፍርሃት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ኤልክን የሚስተው ጠመንጃው ስላነሰው ሳይሆን ስለበዛበት ነው። ትልቁን ከማንሳቱ በፊት በ.22 ብዙ ይተኩስ፤ ጥይቱም ከሁሉም ርካሽ ነው።

.30-06ን የአሜሪካ ጦር የታጠቀው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። ኮሎራዶ ውስጥ በእርሱ የማይታደን እንስሳ የለም፤ ድቡንም፣ ከኤልክ የሚገዝፈውን ሙስ የተባለ አጋዘንም ጨምሮ።

አሁን አራተኛው። የ.300 ዊንቸስተር ማግነም እና የ.30-06 አረር ውፍረታቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የ.300ው ቀለህ (የባሩዱ መያዣ) ሰፋ ያለና ባሩዱ የበዛ መሆኑ ነው። አረሩ ፈጥኖ ስለሚሄድ ሰፊ ሸለቆ ተሻግሮ ለሚተኩስ ሰው ይጠቅማል። ባለቤትሽ ከ300 ሜትር ወዲህ የሚተኩስ ከሆነ ግን ኤልኩ ልዩነቱን አያውቀውም፤ ትከሻውና ኪሱ ያውቁታል። እኔ ራሴ አለኝ። የገዛሁት ስላማረኝ ነው፤ ለባለቤቴም የነገርኳት ይህንኑ ነው።

ኮሎምበስ ነዋሪ
እኔ ሁለት ለመያዝ የተገደድኩት በሕግ ነው። ኦሃዮ ውስጥ አጋዘን በ.30-06 ማደን ክልክል ነው። የሚፈቀደው ቀለሁ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ፣ ከ.357 እስከ .50 ያለ ጥይት ነው፤ እንደ .30-06 በአንገቱ የጠበበ ቀለህ አይሆንም። አገሩ ሜዳ፣ መንደሩም ቅርብ ስለሆነ አረር ሩቅ ባይጓዝ ይመረጣል። ስለዚህ እዚህ .450 ቡሽማስተር እይዛለሁ፤ ዌስት ቨርጂኒያ ስሻገር .308 አወጣለሁ።

የጎባው
ልጄ፣ እኔ ባሌ ውስጥ ከውጭ አዳኞች ጋር ዱካ እየተከተልኩ ሠርቻለሁ። ለደጋ አጋዘን ይመጣሉ፤ እርሱ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፣ ከማዶ ሸንተረር የሚታየው ቀንዱ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ጠመንጃ ይዘው ይመጡ ነበር። አንዱ እንደ ባለቤትሽ .300 ዓይነት ለሩቅ፣ ሌላው ብዙ ጊዜ .375 ኤች ኤንድ ኤች። እርሱ በ1912 እ.ኤ.አ. ለንደን የተሠራ ነው፤ አረሩ 19 ግራም ያልፋል፤ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ጎሽና ዝሆን ለማደን ከእርሱ ያነሰ አይፈቀድም። ግን ሁለተኛውን ጎሽ የማያድኑትም ይይዙት ነበር። የዋናው ጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር በጭነት ላይ ተንገጫግጮ ዒላማው ከዞረ ያ ሁሉ ወጪ ከንቱ ነው። መጠባበቂያ መሆኑ ነው።

የኦሮራዋ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጠባበቂያ ለሚለው .243ቱ ይበቃዋል ማለት ነው፤ ይህንን ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ። ተራራ ወጪ፣ የልምምድ ጥይቱን ነገር ወድጄዋለሁ። ቅዳሜ ዒላማ ቦታ አብሬው ሄጄ በ.30-06 ሳያውቅ አጎርስለታለሁ። አፈሙዙ ከደፋ ክርክሩ አለቀ።

ተራራ ወጪ
ካልደፋስ? ያኔ ልትሸነፊ ነው። ከገዛም የ.30-06ንና የ.300ን ጥይት በአንድ ኪስ እንዳይዝ ንገሪው። አረሩ አንድ ውፍረት ቢሆንም ለሌላ ጠመንጃ የተሠራ ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ተቀድዶ ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል።

ለማንኛውም .243ቱን አንቺ ያዢው። የአደን ፈቃድ ካማረሽ አስቀድመሽ የአዳኞች ደኅንነት ትምህርት መውሰድ አለብሽ፤ ኮሎራዶ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተወለደ ሁሉ ይገደዳል። ማቀዝቀዣም አስቡበት፤ በኅዳር መጀመሪያ የታደነ ኤልክ ተበልቶ ሳያልቅ ጾመ ነቢያት ይገባል።