ባሕር ዳር የእንስሳት ግቢ ይሠራላት?

የማርቆሱ፦ ልጆቼን ይዤ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ገብቼ ነበር። ትንሹ አንበሳውን ትቶ ርግብ ሲያባርር ዋለ። እኔ ግን ዓይኔን ከአንበሳው መንቀል አቃተኝ፤ ስምንት ርምጃ ሄዶ ይዞራል፣ ስምንት ርምጃ ሄዶ ይዞራል። እንዲህ ያለው ለባሕር ዳርም ይሠራ የሚል ሰው ይገጥመኛል። ምን ትላላችሁ?

የባሕር ዳሩ፦ ይሠራ እንጂ! ያየኸው በ1940 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን የተቋቋመ ነው፤ ያኔ አንበሳ የዙፋን ጌጥ ነበር። አሁን ሰፋ አድርጎ መሥራት ይቻላል። የእኛ አገር ልጅ እኮ አንበሳ የሚያውቀው ሳንቲም ላይ ነው።

የዳንግላዋ፦ ጉማሬ በደጃችሁ እያለ? ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ድረስ በጀልባ መሄድ ነው። ጆሮና አፍንጫውን ብቻ ቢያሳይም በገዛ ውኃው ነው።

የባሕር ዳሩ፦ እሱን ማሳው ዳር ላለው ገበሬ ንገሪው። ሌሊት ወጥቶ ሰብሉን ሲግጥበት «በገዛ ውኃው ነው» ትይዋለሽ?

የዳንግላዋ፦ እና ይታሰር?

ጋሼ፣ ከሞጣ፦ ልጆች፣ ጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ አውሬ ነው። ዛሬ ጮቄ ላይ የለም። ታጥሮ የሚራባ ዘርም የትም አልተቀመጠለትም። እስር ቤት ነው ብላችሁ የምትንቁት ግቢ ያኔ ቢኖር ጥቂት ጥንድ አይተርፍም ነበር?

የማርቆሱ፦ የጋሼን ሐሳብ የሚደግፍ ነገር አለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣ የዘረመል ጥናት የዚያኑ ግቢ 15 አንበሶች መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። ያ ደረትና ሆድ ድረስ የሚወርድ ጥቁር ጋማ ዝም ብሎ አይደለም። ግን እዚያው የተወለደ፣ አድኖ የማያውቅ አንበሳ የት ይለቀቃል? እኔ ያሉት ይስፋላቸው፣ አዲስ አይታሰር ባይ ነኝ።

የዳንግላዋ፦ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ቀበሮውን የግቢ እጦት አልጨረሰውም። የሚኖርበት ደጋ ታረሰ። በባሌ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች እየተጋባበት ሲፈጀው ዓይተናል። እሺ፣ ግቢ ውስጥ ተራባ እንበል። ጮቄ ላይ የት ይለቀቃል? ድንች ማሳው ውስጥ?

የባሕር ዳሩ፦ ድንቹ ይነሣ በላ!

ጋሼ፣ ከሞጣ፦ ኧረ በማርያም! ያ ድንች የወንድሜ ልጆች እንጀራ ነው። ውረዱ የሚላቸው ማነው? እኔማ አልችልም።