የእናቴ ቤት ያለበት አስፋልት ባለ አራት ሌን ሊሆን ነው፣ ስብሰባው ላይ ምን ልጠይቅ?

የካዛንቺሱ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እኔ እዚህ ካዛንቺስ ነኝ እናቴ ግን ገጠር ነው ያለችው፣ ቤታችን ከአስፋልቱ ጠርዝ ቢበዛ ሀያ እርምጃ ነው። ባለፈው ሳምንት ትሪፖድ የያዙ ልጆች መጥተው ሲለኩ ዋሉና ባህር ዛፉ ስር ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል መትተው ሄዱ። ምንድነው ስትላቸው መንገዱ ይሰፋል መሀሉ ላይ አካፋይ ይገባል፣ ገና ጥናት ነው አሏት፣ በቃ። የኔ ጭንቀት ቤቱ ብቻ አይደለም፣ ማሳውም ወንዙም ከመንገዱ ማዶ ነው፣ በቀን ሁለቴ ከብቶቹን እየነዳች ትሻገራለች። ቅዳሜ ስብሰባ አለ ብለዋታል እኔም እሄዳለሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ወደ የትኛው ጎን እንደሚሰፋስ በምን ነው የሚወሰነው?

ዜሮ ፕላስ ዜሮ፦
ገና ጥናት ከሆነ ደስ ይበልህ፣ ኮንትራክተር ከገባ በኋላ አንዲት ካልቨርት (ጎርፍ ከመንገዱ ስር የሚያልፍበት ቱቦ ወይም ቦይ) ማስጨመር ራሱ መከራ ነው (ኮንሰልታንት ቤት ነው የምሰራው፣ አይቼዋለሁ)። ሰው መንገድ ከግራም ከቀኝም እኩል የሚሰፋ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ነባሩን አስፋልት ለአንዱ አቅጣጫ ትቶ አዲሱን ከጎኑ መስራት ይቀላል፣ ምክንያቱም አዲሱ እስኪያልቅ መኪናው በድሮው ይሄዳል፣ ከዛ ወደ አዲሱ ያዞሩትና አሮጌውን ያድሳሉ። እንደዛ ከሆነ አንዱ ጎን ጠቅላላ ሸክሙን ይችላል ሌላው ብዙም አይነካም። የቱ ጎን የሚለው የቤቱ ብዛት፣ ገደሉ፣ የመብራት ፖሉ፣ የቴሌ ፋይበሩ፣ ቤተክርስቲያንና መቃብር ካለ እሱም ታይቶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ "አዲሱ የመሀል መስመር የት ነው የሚያርፈው" በል። ከአሮጌው አስፋልት መሀል ሜትር ይዘህ ለክተህ ተርፈናል እንዳትል፣ መሀሉ ራሱ ሊሄድ ይችላል። ችካሉ ደግሞ የግድ ቤት ይፈርሳል ማለት አይደለም፣ የልኬት ነጥብም እንደዛው ነው የሚመታው። ብቻ እንዳትነቅሉት።

አይሱዙ ነጂ፦
የካሳውን ሌላ ሰው ያወራልሃል እኔ መሻገሪያው ነው ያሳሰበኝ። እዚሁ ቀለበት መንገዱ ላይ ሰው ኮንክሪቱን እየዘለለ ሲሻገር አላያችሁም እንዴ፣ የእግረኛ ድልድዩ ሩቅ ስለሆነበት እንጂ ሞት አምሮት አይደለም። እሱ እንግዲህ ሰው ነው፣ በሬ ኮንክሪት አይዘልም። አካፋይ ፊት ለፊት ግጭት ይቀንሳል፣ አልክድም፣ ማታ ሲኖ ደርቦ የመጣበት ያውቀዋል፣ ግን መንገድ ሲሰፋ እኛም እንረግጣለን። የአዳማው የክፍያ መንገድ ባለ ስድስት ሌን ሆኖም የሚያስኬደው ለብቻው ስለተሰራና ስለታጠረ ነው፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው የድሮው ለሰፈሩ ሰው ቀርቶለታል። የናንተ ያው ያለው ነው የሚሰፋው፣ ትርፍ መንገድ የላችሁም። ስለዚህ አካፋዩ በስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚከፈተው፣ ከብትስ በየት ነው የሚያልፈው በላቸው። ለጎርፍ የሚሰሩትን ካልቨርት ትንሽ ከፍና ሰፋ ቢያደርጉት በበጋ ላምም ሰውም ከስር ያልፍበታል።

እህተ ማርያም፦
ወንድሜ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው? የኛ ሲለካ በሟች አባታችን ስም ሆኖ ተገኘና ፍርድ ቤት ስንመላለስ ስምንት ወር ፈጀ። መሬቱ የመንግስት ስለሆነ ለካሳ የሚገመተው ላዩ ላይ ያለው ነው፣ ቤት፣ አጥር፣ ዛፍ፣ ሰብል። ምትክ መሬት ካልተሰጣት ደግሞ በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ካለፉት ሶስት አመታት ከፍተኛው አመታዊ ገቢ በ15 ይባዛል ነው የሚለው፣ የድሮው 455 በ10 ነበር። ከዛ ወዲህ ማሻሻያ ወጥቶለታልና አዲሱን ይዘህ ሂድ። ባህር ዛፉን አንድ በአንድ ቁጠረው፣ ፎቶም አንሳ።

የካዛንቺሱ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ደብተሩ በሷ ስም ነው ተመስገን። የከብቱ መሻገሪያ ጋር ጎርፍ የሚወርድበት አሮጌ ቱቦ አለ፣ እሱን ነው ቅዳሜ ይዤ የምነሳው። ዜሮ ፕላስ ዜሮ፣ ችካሉን እንዳትነቅሉ ስትል ደንግጬ ደወልኩላት። ለካ ጥጃዋን እሱ ላይ ነው የምታስረው።

ዜሮ ፕላስ ዜሮ፦
ኧረ ዛሬውኑ ትፍታው! ለጥጃው ሌላ ምቱለት።