ጥቆማ፦ ለቤት ፒታ ሳንድዊች የቱ ይገዛ፣ የቱ ቤት ይሠራ?

ሥጋ የሌለበት ፒታ (ጠፍጣፋ ክብ ዳቦ) ሳንድዊች ቤታችሁ መሥራት ለምትፈልጉ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ቤት ከሚሠራው ጋር አነጻጽሬ ምርጫዬን ልንገራችሁ። ልፋት የሚያስፈልጋቸው ሽንብራውና ማባያው ናቸው። ጊዜ ካላችሁ ዳቦውንም ጨምሩበት፤ የቀረው ቢገዛ ብዙም አይጎዳም።

ከሽንብራው ልጀምር። ለፋላፌል (ተድበልብሎ ዘይት ውስጥ ለሚጠበስ የተፈጨ ሽንብራ) ሦስት ምርጫ አለ፦ በውሃ ብቻ የሚለወስ የታሸገ ዱቄት፣ የቆርቆሮ ሽንብራና ጥሬ ሽንብራ። ዱቄቱ ለተቸኮለ ሰው ይሆናል፤ ግን ውስጡ ደረቅ ይላል፣ ቅመሙም የደበዘዘ ነው። የቆርቆሮውን ለፋላፌል አልመክርም። አስቀድሞ የተቀቀለ ስለሆነ አይያያዝም፣ ዘይት ውስጥ ይበተናል። ጥሬውን ግን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘፍዝፉትና ሳትቀቅሉ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከድንብላል ቅጠል፣ ከከሙንና ከጨው ጋር ፍጩት። እንዳይልም ተጠንቀቁ፤ በጣት ሲነካ ሻከር ማለት አለበት። ዘይቱ 180 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጥበሱት። ውጪው ቡናማ ሆኖ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ይሆናል። ይህን የሚተካ የታሸገ ዱቄት የለም።

የቆርቆሮው ሽንብራ ቦታው ሁሙስ (ዳቦ ላይ የሚቀባ የሽንብራ ልውስ) ነው። ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ እንደገና አፍሉት፤ ልጣጩ ይላላል፣ ሁሙሱም ልስልስ ይላል።

ታሂኒ (የተፈጨ ሰሊጥ ልውስ) ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ሰሊጥ ብቻ፣ ቢበዛ ጨው የተጨመረበት ይሁን። ላዩ ላይ ዘይት ቢንሳፈፍ ጉድለት አይደለም፣ ማማሰል ነው። የታሂኒውን ማባያ ግን ራሳችሁ ሥሩት። ሎሚና ውሃ ሲገባበት መጀመሪያ ይጠጥራል፣ የተበላሸም ይመስላል። አትጣሉት! ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ እየጨመራችሁ መምታቱን ቀጥሉ፤ ቀስ በቀስ ነጣ ብሎ ይፈታል።

ፒታ ኪስ ያለውና የሌለው አለ። የሌለው ወፈር ያለና ለመጠቅለል የሚሆን ነው፤ ለፋላፌል ኪስ ያለውን ውሰዱ። የታሸገ ከሆነ ከነፌስታሉ ቀስ ብላችሁ እጠፉት፤ ሳይሰነጠቅ ከታጠፈ ግዙት። ራሳችሁ ልትጋግሩ ካሰባችሁ ለ500 ግራም ዱቄት 320 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾና 10 ግራም ጨው ይበቃል። ኪሱን የሚከፍተው እንፋሎት ስለሆነ ኦቭኑ ከነትሪው እስከ 250 ዲግሪ ይጋል። የተዳመጠው ሊጥ ከተቀደደ ወይም ከተጨማደደ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ አይነፋም። ከተሳካ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሲነፋ በመስታወቱ ታዩታላችሁ። እንደወጣ በጨርቅ ሸፍኑት፤ ካልተሸፈነ ይደርቃል።

መጥበስ የማይወድ ሰው ደበርጃን ቀጠን አድርጎ ቆርጦ ዘይት ቀብቶ ኦቭን ውስጥ ያብስለው። ከተቀቀለ እንቁላልና ከታሂኒ ጋር ያምራል። አይብ ለሚፈልግ ሃሉሚ ሳይቀልጥ ይጠበሳል፤ ፌታ ተፈርፍሮ ይነሰነሳል። ሥጋ ጨርሶ የማትበሉ ከሆናችሁ ግን የአይቡን ማርጊያ አጣሩ። አንዳንዱ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ኢንዛይም ስለሆነ፣ ለአትክልት ተመጋቢ እንደሚሆን የተጻፈበትን ምረጡ።

ቲማቲምና ኪያሩን ቆርጣችሁ ጨው ነስንሱና ለ15 ደቂቃ ወንፊት ላይ ተዉት። ውሃው እዚያው ይውረድ፤ አለበለዚያ ዳቦው ሥር ተጠራቅሞ ይቀደዋል። ስትሞሉ መጀመሪያ የኪሱን ውስጥ በሁሙስ ቀቡ፣ ከዚያ ትኩሱን ፋላፌል፣ ከዚያ አትክልቱን፣ ታሂኒውን መጨረሻ። ለምሳ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ታሂኒውን በትንሽ ዕቃ ለብቻው ያዙት፣ ልትበሉ ስትሉ አፍስሱበት።