የራሴ ሎጊን ገጽ ሪዳይሬክት እያደረገ ይሽከረከራል፤ ሦስተኛ ሳጥንስ እንዴት ልጨምር?

ጀማሪ_ጃቫ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በስፕሪንግ ቡት 3 (የጃቫ ፍሬምወርክ) የምሠራው ዌብ አፕሊኬሽን አለ። ስፕሪንግ ሴኪዩሪቲ (ሎጊንና ፈቃድ የሚቆጣጠረው ክፍል) ራሱ የሚያወጣውን ሎጊን ገጽ ትቼ የራሴን ሠራሁ። ገጹን ስከፍተው ግን ብራውዘሩ ሪዳይሬክት በዛ ብሎ ያቆማል። ሌላው፣ ከዩዘርኔምና ከፓስወርድ ሌላ የቅርንጫፍ ኮድ ማስገባት አለብኝ፤ አንድ ዩዘርኔም በሁለት ቅርንጫፍ ሊኖር ስለሚችል። ያገኘሁት መልስ ሁሉ «ዌብሴኪዩሪቲኮንፊገረርአዳፕተርን ኤክስቴንድ አድርግ» ይላል። እኔ ጋ ክላሱ ራሱ የለም።

ቡና_ኮደር፦ ክላሱ በስፕሪንግ ሴኪዩሪቲ 5.7 ዲፕሪኬትድ (አትጠቀሙበት የተባለ) ሆኖ በ6.0 ተወግዷል፤ ስፕሪንግ ቡት 3 የሚጠቀመው 6ን ነው። አሁን ሴኪዩሪቲፊልተርቼይን የሚመልስ ቢን (ስፕሪንግ የሚያስተዳድረው ኦብጀክት) ነው የሚጻፈው። የድሮ መልሶችን እለፋቸው። ሪዳይሬክቱ ደግሞ የተለመደ ነው፦ ሎጊንፔጅ ብለህ ፐርሚትኦል (ለሁሉም ክፍት ማድረጊያውን) ረስተሃል። ገጹን ለማየት ሎጊን ይጠይቃል፣ ለሎጊን ወደ ገጹ ይልካል።

ጀማሪ_ጃቫ፦ ፐርሚትኦል አለ። እሱን መጀመሪያ ነው ያየሁት።

ፊልተር፦ ገጹ ጄኤስፒ (ሰርቨር ላይ ኤችቲኤምኤል የሚያወጣ የጃቫ ፋይል) ነው?

ጀማሪ_ጃቫ፦ አዎ፣ ዌብ-ኢንፍ ፎልደር ውስጥ ነው።

ፊልተር፦ እንግዲያው ተገኘ። ኮንትሮለርህ ወደ ጄኤስፒው ፎርዋርድ ያደርጋል፣ ማለትም ሪኩዌስቱን እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ያስተላልፋል። ከ6 ጀምሮ የፈቃድ ፍተሻው ፎርዋርድንም ይመለከታል። አንተ የፈቀድከው የሎጊኑን አድራሻ እንጂ የጄኤስፒውን ፋይል አይደለም፤ ስለዚህ ፎርዋርዱ ይከለከልና ተመልሶ ወደ ሎጊን ይወረወራል። ዲስፓቸርታይፕማቸርስ ላይ ፎርዋርድን ፐርሚትኦል አድርገው። ገጹ በታይምሊፍ (ሌላ የገጽ ቴምፕሌት) ቢሆን ይሄ አይገጥምህም ነበር፣ ፎርዋርድ ስለማያደርግ።

ፎርሙን የጻፍከው በተራ ኤችቲኤምኤል ታግ ከሆነ ደግሞ የሲኤስአርኤፍ ቶክኑን (ፎርሙ ከራስህ ገጽ መምጣቱን የሚያሳየውን ኮድ) በድብቅ ኢንፑት ራስህ ጨምር። ያለዚያ ሰብሚት ስታደርግ 403 (ተከልክሏል የሚል ስህተት) ይጠብቅሃል። እሱን ለማምለጥ ሲኤስአርኤፍን የሚያጠፋ ሰው አይቻለሁ፣ እባክህ አንተ አትሁን።

ማታ_ሠሪ፦ ወደ ቅርንጫፍ ኮዱ ልምጣ። ብዙው ሰው ዩዘርኔምፓስወርድኦተንቲኬሽንፊልተርን (የሎጊን ፎርሙን የሚቀበለውን ክላስ) ኤክስቴንድ ያደርጋል። ይሠራል፣ ግን በ6 አንድ ወጥመድ አለው፦ ፊልተሩን በእጅህ ስትፈጥረው የገባውን ሰው ሴሽን ውስጥ አያስቀምጥም። ሎጊኑ ይሳካል፣ ቀጣዩ ገጽ ላይ እንደገና እንግዳ ነህ። ኤችቲቲፒሴሽንሴኪዩሪቲኮንቴክስትሪፖዚቶሪን (ሴሽን ውስጥ የሚያስቀምጠውን ክላስ) አንተ ልትሰጠው ይገባል። ሎጊን ሲሳካ የሴሽን አይዲው መቀየሩም ያንተ ኃላፊነት ይሆናል።

እኔ የምመርጠው ፊልተሩን አለመንካት ነው። ፎርምሎጊን ላይ ኦተንቲኬሽንዲቴይልስሶርስ የሚባል ማስገቢያ አለ። ዌብኦተንቲኬሽንዲቴይልስን ኤክስቴንድ አድርገህ ኮዱን ከሪኩዌስቱ እዚያ ታነባለህ። ፕሮቫይደሩ (የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያረጋግጠው ክላስ) ደግሞ ከጌትዲቴይልስ ይወስደዋል።

ጀማሪ_ጃቫ፦ ዳኦኦተንቲኬሽንፕሮቫይደርን ኤክስቴንድ ላድርግ?

ማታ_ሠሪ፦ ላንተ አይሆንም። ሪትሪቭዩዘር (ዩዘሩን ፈልጎ የሚያመጣው ሜተድ) እዚያ ፋይናል ነው፣ ኦቨርራይድ አይደረግም። አንተ ደግሞ ዩዘሩን ስትፈልግ ነው ቅርንጫፉ የሚያስፈልግህ። አብስትራክትዩዘርዲቴይልስኦተንቲኬሽንፕሮቫይደርን ያዝ። ሁለት ሜተድ ብቻ ትጽፋለህ፦ አንዱ በኮድና በዩዘርኔም ሰውየውን ያመጣል፣ ሌላው በፓስወርድኢንኮደር ፓስወርዱን ያመሳክራል።

ቡና_ኮደር፦ «አስታውሰኝ» የሚል ምልክት ማድረጊያ ካለህም ተጠንቀቅ። ሪሜምበርሚ ዩዘሩን የሚፈልገው በዩዘርኔም ብቻ ነው፣ የቅርንጫፉን ኮድ አያውቀውም። የሌላ ቅርንጫፍ ሰው ሆኖ ሊገባ ይችላል።

ጀማሪ_ጃቫ፦ ፎርዋርዱን ፈቀድኩ፣ ገጹ ተከፈተ! አስታውሰኝ የሚለውን ለጊዜው አውጥቼዋለሁ። አሁን ወደ ፕሮቫይደሩ ልግባ።