የቶኪዮ–ሴኡል ጉዞ ወደ ቹንቾን፣ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ

ፀሐፊ (ቶኪዮ)፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ረቂቁን ጨርሻለሁ፣ እዩትና ያልጣማችሁን ንገሩኝ። ከቶኪዮ ሴኡል 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ስለዚህ ጠዋት ተነስተን ከሰዓት በኋላ ቹንቾን፣ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ጋ፣ እንደርሳለን ብዬ ፅፌያለሁ።

አባል (ዮኮሃማ)፦ እታለም ቆንጆ ነው ግን ይቺን ከሰዓት በኋላ የምትለዋን አውጫት። እኔ አምና ርካሽ ነው ብዬ ከናሪታ ኤርፖርት ኢንቾን ኤርፖርት ቆርጬ፣ ከቤቴ ናሪታ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀድሞ መድረሱ ሁለት ሰዓት፣ በረራው፣ ከዛ የኢሚግሬሽን ሰልፉ፣ ከዛ ደግሞ እስከ ሴኡል ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር 43 ደቂቃ፣ ጀበናዬን በጋቢ ጠቅልዬ እንደታቀፍኩ ስምንት ሰዓት ፈጀብኝ። ናሪታ ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኢንቾንም 50 ገደማ። ከሃኔዳ ኤርፖርት የሴኡሉ ጊምፖ ኤርፖርት ይሁን፣ ለኔ ሃኔዳ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ከጊምፖም ሴኡል ጣቢያ ቅርብ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለተማሪዎቹ ግን የሃኔዳው ሊከብዳቸው ይችላል። ልዩነቱን ማህበሩ ይሸፍንላቸው ብለን እንፃፍ፣ እኔ እስማማለሁ። ቀኑ ላይ ግን የሜይ መጀመሪያ አይሆንም፣ ጃፓን በዓል ስለሆነ ቲኬት እሳት ነው፣ ወደ ወሩ መጨረሻ እንግፋው።

አባል (ሴኡል)፦ እኛም በዚህ በኩል ተነጋግረናል። ወደ ቹንቾን ሴኡል ካለው ዮንግሳን ጣቢያ በባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ማታ እኛ ጋ እደሩ፣ ቤት አለ፣ ፍራሽ አለ፣ በነጋታው አብረን እንሄዳለን። ደግሞ ስትመጡ ንፋሱ ፊት ለፊት ስለሚሆን በረራው ረዘም ይላል፣ ስትመለሱ ከኋላ ስለሚገፋ ያጥራል፣ የመሄጃና የመመለሻው ሰዓት ለየብቻ ይፃፍ። የሰዓት ለውጥ የለም፣ ሁለቱም አገር አንድ ነው፣ ግን 3 ሰዓት ስትሉ የኛ አቆጣጠር ይሁን የነሱ ስለሚያምታታ ቲኬቱ ላይ እንዳለው 15:00 ብላችሁ ፃፉ። የሚገርመው እማዬ አዲስ አበባ ግድግዳዋ ላይ በኛ አቆጣጠር የሰቀለችው ሰዓት እና የሴኡሉ ሁሌም እኩል ነው የሚያነበው፣ እሷ ጠዋት 3 ስትል እዚህ ከሰዓት 3 ነው፣ ስትደውልልኝ በጣም ደስ ይለኛል።

ጋሼ (ኪዮቶ)፦ ልጆች ሁሉንም አንብቤዋለሁ። የፕሮፖዛሉ መግቢያ ላይ ስለ ቃኘው ሻለቃ አንድ ፓራግራፍ ይግባ። በ1951 እ.ኤ.አ. ልጆቹ ከጅቡቲ በመርከብ ሦስት ሳምንት ገደማ ተጉዘው ነው ፑሳን የደረሱት፣ በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ናቸው የዘመቱት፣ ያልተመለሱም አሉ። መታሰቢያ ሐውልቱን በ1968 ጃንሆይ እራሳቸው መጥተው ነው የመረቁት። ጀበናውም በደንብ ይታሰብበት፣ እዛ ቡና ማፍላት ይፈቀድ እንደሆነ ከአሁኑ በደብዳቤ ይጠየቅ።

አባል (ዮኮሃማ)፦ ልክ ነው ጋሼ። ጀበናው በኔ ነው።

ፀሐፊ (ቶኪዮ)፦ እሺ ገባኝ፣ ሃኔዳ–ጊምፖ፣ የሜይ መጨረሻ፣ ሁለት ሌሊት፣ የተማሪ ድጎማ፣ የጋሼ ፓራግራፍ። ከጃፓን የምንሄደው የኮሪያ ቪዛ ስለሚያስፈልገን ፓስፖርታችሁን ዛሬውኑ እዩት፣ ስትወጡም ኤርፖርት የመውጫ ቅፁ ላይ ያለችው የዳግም መግቢያ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ እንዳትረሱ፣ ያለሷ የጃፓን የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ይሰረዛል። የቹንቾኑን ደብዳቤ ከሴኡል ማን ይፃፍልን?