በ80,000 ዩሮ ደመወዝ በርሊን ላይ ከቤተሰብ ጋር እንዴት ይኖራል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። በርሊን ካለ ኩባንያ የሶፍትዌር ሥራ ቀርቦልኛል። በዓመት 80,000 ዩሮ ነው። ባለቤቴና የሦስት ዓመት ልጃችን አብረውኝ ይመጣሉ፤ እሷ ለጊዜው ሥራ አይኖራትም። ተመችቶን እንኖራለን ወይስ ወር ለመድረስ መንገታገት ነው? ለእናቴም በየወሩ መላክ አለብኝ።

ከቬዲንግ፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ደመወዙ በደንብ ያኖራችኋል። ግን 80,000 ብሩቶ፣ ማለትም ግብርና መድኅን ሳይቆረጥ ነው፤ አንተ ኔቶውን፣ ተቆርጦ እጅህ የሚገባውን አስብ። ባለቤትህ ስለማትሠራ ከደመወዝህ የሚቆረጠውን ግብር የሚቀንሰውን የግብር ክፍል 3 ትመርጣላችሁ፣ በወር 4,500 ዩሮ አካባቢ እጅህ ይገባል። ብቻህን ብትሆን 3,900 አካባቢ ነበር። ጡረታውም የጤና መድኅኑም ቀድሞ ተቆርጧል። በመንግሥታዊው መድኅን ከገባህ ባለቤትህና ልጅህ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታቀፋሉ።

ፈተናው ቤት ነው። አከራይ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀትና ሹፋ ይጠይቃል። ሹፋ ዕዳህን በወቅቱ እንደምትከፍል የሚያሳይ ማስረጃ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ሁለቱንም ከየት ያመጣል? ስለዚህ ዕቃ የተሟላለት ጊዜያዊ ቤት ይገባል፣ ደመወዙንም የሚበላው እሱ ነው። እባክህ ሳትፈርም በፊት የመጀመሪያዎቹን ወራት ቤት ኩባንያው እንዲችልህ ጠይቅ። ከፈረምክ በኋላ ማን ይሰማሃል?

ማስታወቂያ ላይ «ካልት» የሚለው ኪራይ ማሞቂያውን አይጨምርም፤ «ዋርም» የሚለውን እይ። ማስያዣው እስከ ሦስት ወር ካልት ኪራይ ይደርሳል፣ ሕጉ ግን በሦስት ጊዜ ከፋፍለህ እንድትከፍል ይፈቅድልሃል። ወጥ ቤቱን ሳታይ ደግሞ እሺ አትበል። የእኛ ወጥ ቤት ስንረከበው ባዶ ግድግዳ ነበር። የውሃ ቧንቧና ለምድጃ የተተወ ሽቦ ብቻ። ምድጃውን፣ የዕቃ ማጠቢያውን፣ ቁም ሳጥኑን ራሳችን ገዝተን አስገጠምን። እዚህ አገር የተለመደ ነው፣ በጀት ያዝለት።

የልጅ እናት፦
ስለ ልጁ እኔ ልጨምር። በርሊን ውስጥ ኪታ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ከ2018 ጀምሮ በሁሉም ዕድሜ ነፃ ነው። በወር 23 ዩሮ ለምሳ ትከፍላላችሁ። ለኪታው የሚያስፈልገውን ኩፖን ወረዳው ይሰጣችኋል፣ ቦታ ፍለጋው ግን የእናንተ ነው። ቶሎ ጀምሩ! የልጅ ድጎማም አለ፤ በ2025 በወር 255 ዩሮ ነበር። ብሉ ካርድ፣ ማለትም ለተማሩ የውጭ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ካገኘህ ባለቤትህ ቪዛ ለመውሰድ የጀርመንኛ ፈተና አትጠየቅም፣ ከመጣችም በኋላ መሥራት ትችላለች።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ የምልከውስ ይተርፋል?

ከቬዲንግ፦
ይተርፋል። እኛ ለሦስት ክፍል 1,600 ዋርም እንከፍላለን፤ አንተ አዲስ ስለሆንክ 1,900 አድርገህ ቁጠረው። አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ስልክ፣ የልጁ ልብስ ሲወጣ ከ1,000 ዩሮ ያላነሰ ይቀርሃል። ለእናትህ ሳትሳቀቅ ላክ። ብቻ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ቆጠብ በል። ያ ብዙውን ጊዜ የሙከራ ጊዜ ነው፤ በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። የሦስት ወር ኪራይ ባንክ ሳይቀመጥ መኪና እንዳትገዛ፣ ባቡሩ የትም ያደርሳችኋል።