«ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊርማ አይቆጠርም»? ለምን?

ሽምብጥ፦ ትናንት እዚሁ ስለ አዲስ የሚዋጥ የደም ካንሰር መድኃኒት ሙከራ ሲወራ አንዱ «ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊርማ አይቆጠርም» ብሎ ጻፈ። እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ወንድሜ በዚሁ በሽታ ነው ያረፈው። ኪሞው እምቢ ሲል «ሌላ የሚሞከር የለም ወይ?» ብሎ የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። ድዱ እየደማ፣ በጥጥ እየጠረገ። አእምሮው ግን ሙሉ ነበር። የሱ ፊርማ ለምን አይቆጠርም?

የዘንዘልማ ልጅ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነፍስ ይማር። ግን የካኖ ከተማን ነገር አንርሳ። በፈረንጅ 1996፣ ናይጄሪያ፣ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ። የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር ትሮቫን የሚባል አንቲባዮቲክ ሕፃናት ላይ ሞከረ። ወላጆች «ሙከራ መሆኑን ማን ነገረን?» ብለው ከሰሱ። የጨነቀው ሰው የሰጡትን ይፈርማል።

ፋርማሲስቷ፦ የካኖ ክስ አልተነገረንም ነው። መፈረምን ምን አመጣው? ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሆነውን ኪኒን፣ ኢማቲኒብን፣ ዛሬ ሰው ቤቱ ሆኖ የሚውጠው በ1998 ለሙከራው የፈረሙ ስለነበሩ ነው፤ ይሄም በፈረንጅ። የያኔው መድኃኒት ኢንተርፌሮን ያልሠራላቸው ሰዎች ናቸው። 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54ቱ የ53ቱ የደም ቆጠራ ተስተካከለ። በ2001 አሜሪካ ፈቀደችው።

የዘንዘልማ ልጅ፦ እነዚያ በሽታው ገና ያልገፋባቸው ናቸው! በጣም ከገፋባቸው አንዱ ቡድን ውስጥ ከ38 ሰዎች 21ዱ ለውጥ አሳዩ፤ ከነሱ መካከል ግን ተመልሶ የመጣባቸው ነበሩ። ይሄን ለታማሚው ማን ይነግረዋል? የመድኃኒት ሙከራ የመጀመሪያው ዙር እኮ የሚጠይቀው «ሰውነት ምን ያህል ይችላል?» ነው።

ሽምብጥ፦ ታዲያ ይነገረው! «አይቆጠርም» አትበል።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ እናቴን ለኦፕሬሽን አውራ ጣቷን ቀለም ነክረው አስፈረሟት። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነበር። አንድ መስመር ያነበበላት የለም። ለተራ ኦፕሬሽን እንዲህ ከሆነ፣ ለሙከራማ እፈራለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ እሱ ጥፋት ነው፣ አልከራከርሽም። በአማርኛ ተጽፎ፣ ተነቦለት፣ ቤቱ ወስዶ መምከር አለበት። በቃኝ ሲልም ያቆማል። መብቱ ነው።

ቤዛዊት፦ የሚዋጥ ነው ስትሉ ቀላል አስመሰላችሁት። ደሙ በየጊዜው መታየት አለበት። ለዚያ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ መመላለስ ነው? ትራንስፖርቱን፣ አልጋውን ማን ይችላል?

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል እዚሁ ባሕር ዳር እያለ ለምን አዲስ አበባ? ሁሉን ነገር እዚያ ማድረግ ለምዶባችኋል።

ቤዛዊት፦ እኔ መች ጠላሁ? እዚህ ይጀመር፣ ቀድሜ የምደግፈው እኔ ነኝ።

ሽምብጥ፦ ከነገሩ አትውጡ። የዘንዘልማ ልጅ፣ አልመለስክልኝም። ወንድሜ ፈርሞ ቢሆን ይቆጠር ነበር ወይስ አይቆጠርም?

የዘንዘልማ ልጅ፦ ማን እንዳስረዳው ሳላውቅ አልመልስም።

ሽምብጥ፦ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ አነብለት ነበር።